ቱቦ ቁጥር ሰባት

ድሬ ምሳዋን በልታ፣ መስኮቷን ዘግታ ስትተኛ፣
ቁልሉ ላይ የምንቀር እኛ፣
እኔና ሮብሌ ዘበኛ።
ድንጋዩ ከካባው ወጥቶ፣ ተፈጭቶ፣ ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣
ንጹሁ በመኪና ሄዶ፣ አተላው እዚህ ተደፍቶ፣
ግራጫ ተራራ ሆኗል፣ እርከን በእርከን ተሠርቶ።
የታች ሰፈር ልጆች ግን «የድርጅቱ ግመል» አሉት፣
ተንበርክኮ ስላዩት።

ሥራዬ ማየት ነው። ጠርዝ ጠርዙን ይዤ እሄዳለሁ፣
ስንጥቅ ካገኘሁ በስንዝር፣ ኋላ በሜትር እለካለሁ።
ለምለም ሳር ከግርጌው ባይ፣ በዚህ ሁሉ በረሃ፣
ደስ አይለኝም፤ ሳር እዚህ ማለት መውጫ ያጣ ውሃ።
ሰባት ቱቦ ተተክሎበታል፣ እስከ ሆዱ የሚወርድ፤
ገመድ አለኝ በሜትር የተሰመረ፣ ጫፉ ላይ ብረት የሚከብድ፣
ውሃው የት እንደደረሰ፣ እሱ ነክቶ የሚፈርድ።

መዝገቡን ያስረከቡኝ ጋሽ ጥላዬ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ለቱ።
እጃቸው እንዴት ያምራል! መስመር አይስት ፊደላቱ።
ቱቦ ሰባት፦ ደረቅ።
ቱቦ ሰባት፦ ደረቅ።
ሦስት ክረምት ሙሉ ደረቅ።
እኔም ተቀበልኩና፣ ከሥሩ ጻፍኩ፦ ደረቅ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሮብሌ፣ ሽርጡን በጉልበቱ ሸጉጦ፣
ጆሮውን ለቱቦው አፍ ሰጥቶ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣
«አቦ፣ እስቲ ድገመው» አለ።
ሰደድኩት። ኳ! አለ።
«እኔ ጉድጓድ ስቆፍር ነው ያደግኩት። አፈር ዱብ ነው የሚለው፣
ውሃ ቦጭ ነው የሚለው።
ኳ የሚለው ድንጋይ ነው።»

ገመዱን አየሁ፤ አራት ሜትር።
ወረቀቱን ገለጥኩ፤ የቱቦው ቁመት አሥራ ዘጠኝ ሜትር።
አራትን ከአሥራ ዘጠኝ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ለማየት
አንዲት ደቂቃ ነበር የሚበቃው። አንዲት።
ልጅ ይሁን፣ ጫኝ ይሁን፣ ማን እንደጣለው አናውቅም፤
ጠጠር ተወትፎ ኖሯል፣ ጭቃ በላዩ ደርቆ። አልዋሸንም።
የድንጋይ ጀርባ ነበር የለካነው፤
በእርግጥም ደረቅ ነው።

በማግስቱ በብረት ዘንግ ወጋነው። እምቢ አለ። ወጋነው።
ድንገት ዘንጉ ከእጃችን አመለጠ፤
ገመዱም ተከትሎ ሰመጠ፣
ስድስት ሜትር ላይ
ቦጭ።

ሥራ አስኪያጁ በስልክ «ክረምቱ ይለፍ» አሉኝ፣ በዝግታ።
ይለፍ! ደቻቱን የሚያውቅ ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ማታ
ደንገጎ ላይ የጣለው ዝናብ አልጋ ድረስ ሲመጣ
አይቷል። ከቁልሉ ግርጌም ሒቦ አለች፣ በቆርቆሮ ዳሷ፣
ለሾፌሮች ፓስታ ትቀቅላለች፣ ሦስት ልጆች ከኋላዋ።
«ይለፍ» ያሉትን ከነሰዓቱ፣ መዝገቡ ላይ በቀይ ጻፍኩት።
ቅጂውን ለወረዳው፣ ቅጂውን ለሳቸው፣ አንዱንም ለሒቦ አነበብኩላት።
ድስቷን ሳታወርድ ሰማችኝ። «ታዲያ የት ልሂድ?» አለች።
መልስ አልነበረኝም። ማታ ልጆቿን እህቷ ጋ ሰደደች።

ቆፋሪው መኪና ሁለት ቀን ዘግይቶ፣ እያጓራ መጣ።
ከግርጌው ቦይ ከፈትን፣ ጠጠር ሞላንበት፣ ላባችን እስኪወጣ፤
በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣
ግራጫ ውሃ መጣ፣ እየቆየ የነጣ፣ እየቆየ የኮነነ
እኔን፣ ጋሽ ጥላዬን፣ ያን ያማረ እጅ ጽሕፈት።
ገጾቹን አልቀደድኩም። ይኑሩ እንዳሉት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቱቦ ሰባት፦ ስምንት ሜትር ከሃያ።
እየወረደ ነው። ገና ነው።
ሮብሌ ማለት በነሱ ቋንቋ ዝናብ ይዞ የመጣ ነው አሉኝ፤
እሱ ግን ደመና ሲያይ ይሳደባል።
«ግመል ሲነሳ» ይለኛል፣ «የሚነሳው ከኋላው ነው።»
እኔም ኮፍያዬን አጥልቄ
ከኋላው እዞራለሁ።